ሶፋ ሠሪው ያለበሳት መኪና

የሰፈሩ ሰው «ስፖንጅ» ነው የሚለው። ሥራው ሶፋ ማልበስ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከስፖንጅ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ስሙ የተለጠፈበት ግን በዚያ ብቻ አይደለም። አንዲት ጠብታ ወሬ ከነካችው አብጦ አብጦ ቤቱን ይሞላዋል። «ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ንፋስ ተነሣ» ይላል፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ከነሶፋው አንጠልጥሎ ወሰደኝና በደንበኛዬ መስኮት አስገባኝ። የቀረኝ ትራስ ማስተካከል ብቻ ነበር።» «መስኮቱስ ክፍት ነበር?» ብሎ የሚያፋጥጠው ቢገኝ እንኳ አይደናገጥም። «እሱንም ያው ንፋሱ ነዋ የከፈተው!»

ሌላው አመሉ ደግሞ እርቃኑን የቆመ ዕቃ ማየት አለመቻሉ ነው። ከደንበኛ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ እጁ ከገባ አለቀ፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አልብሷል፣ የመጥረጊያውን እጀታ አልብሷል፣ የሽንት ቤቱን በር መያዣ ሳይቀር ባለ አበባ ጨርቅ አልብሶታል። ድመቷ መቀስ ሲያነሣ ካየች አልጋ ሥር ትገባና እስከ ማግስቱ ብቅ አትልም።

ሚስቱ ራዲዮ ጠጋኝ ናት። ራዲዮ ይባል እንጂ ቴሌቪዥኑም፣ ካውያውም፣ የውሃ ማፍያውም እሷ ዘንድ ነው ታሞ የሚመጣው። ወሬ አታበዛም። ለባሏ ወሬ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለች ቆይታለች፤ የምታምነው ቴስተሯን ብቻ ነው። ሊያገባት የጠየቃት ቀን «ልቤ ባንቺ ምክንያት ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይመታል» ቢላት፣ ቴስተሯን አንሥታ ልትለካው ምንም አልቀራትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቮልቴ» ነው የሚላት።

አሁን እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ መኪና ሊያገኙ ወይም ሊያጡ አራት ሰዓት ቀርቷቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱ አባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ስለሰለቸው አውቶማቲክ መኪና ገዙ። አሁን ደግሞ ዓይናቸው ደከመና መኪናዋን ከሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ለአንዳቸው ቤት ሊሰጡ ወሰኑ። ለማን? እሳቸው ዝም ብለው አይሰጡም፤ ፈተና አወጡ። መኪናዋ በየቤቱ አንድ አንድ ሳምንት ትቀመጣለች፤ ሳምንቱ ሲያልቅ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ሰፈሩን አንድ ዙር ይነዷታል። እንደ ሄደች ከተመለሰች ደህና።

የመጀመሪያው ሳምንት የታናሽ እህቷ ባል የፋርማሲስቱ ነበር። ፋርማሲስቱ መኪናዋን አጥቦ፣ ምንጣፏን አራግፎ፣ የጎማዋን ንፋስ በየጠዋቱ ለክቶ በወረቀት ጽፎ መለሰ። ለካ! በየጠዋቱ! ስፖንጅ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ፋርማሲስቱ ባለ ሱቅ ነው፤ መኪና ቢያገኝ የሚጭነው አስፕሪን ነው። እሱ ግን ባለፈው ዝናብ አንድ ትልቅ ስፖንጅ በአናቱ ተሸክሞ ሲመጣ ስፖንጁ የሰማዩን ውሃ በሙሉ ጠጥቶ፣ ቤቱ ሲደርስ የመዋኛ ገንዳ ተሸክሞ የገባ ነው የመሰለው። ይህቺኛዋ እንኳ ውሸት አይደለችም፤ አንገቱ እስከ ዛሬ ወደ ግራ አይዞርም። ሚስቱም ብትሆን የሰው ቴሌቪዥን በጀርባዋ አዝላ ስትመላለስ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። መኪናዋ ታስፈልጋቸዋለች፤ ዛሬ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አማቱ አባባ ይመጣሉ።

መኪናዋ ደግሞ ታማለች።

ረቡዕ ነው የጀመራት። ስፖንጅ ጨርቅ ሊገዛ እየነዳ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የማርሽ ፊደል ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ወዲያው ከሥር አንድ ነገር «ጓ!» አለና መኪናዋ አንድ ማርሽ ላይ ተቸከለች። ቤንዚን ቢረግጥላት ታጓራለች እንጂ ማርሽ አትቀይርም። ዳር ይዞ አጠፋት፤ መልሶ ቢያስነሣት ደህና! አሥር ደቂቃ ነዳት፣ እንደገና «ጓ!»። ሚስቱ ግን ሐሙስ ዕለት ቴሌቪዥን ልታደርስ ነድታት ሄዳ እንደ ቅቤ ተንሸራታ ተመለሰች።

«እኔን ነው የጠላችኝ» አለ ስፖንጅ።

«መኪና ሰው አይጠላም።»

«ይህቺኛዋ ትጠላለች። ረቡዕ ስለ ንፋሱ ሳወራ ሰምታኝ ነው፤ ውሸታም አልጭንም ብላ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባሰባት። ከስፖንጅ መሸጫው ተነሥቶ ቤቱ እስኪደርስ በአንድ ማርሽ እያጓራች፣ ከኋላው አሥራ አምስት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሙሽራ የጫነ እስኪመስል ታጅቦ ገባ። የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብለት እሱም እንደ ሙሽራ መልሶ አውለበለበ።

ግቢው ውስጥ ቆማ ሞተሯ ሲጠፋ ሚስቱ ከሥራ ክፍሏ ወጣች። ሽርጧን አጥብቃ አሰረች። ስፖንጅ ይህን አስተሳሰር ያውቀዋል፤ ነገሩ የምር ሆኗል።

«ክሪኩን ላምጣ?» አለ። «እኔ ሥሯ ልግባና ልየው፤ በጀርባዬ ተኝቼ...»

«አንድ እግርህ ሥሯ ይግባና የቀረህን እኔ እቆርጥልሃለሁ።»

«ክሪኩ እኮ ይችላል!»

«ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው፤ ሰው ለመቅበር አይደለም። ማንም ሥሯ አይገባም። ደግሞም የማርሹ ካምቢዮ ገና እሳት ነው። ድንጋይ አምጣ።»

አራት ድንጋይ አመጣ። ሁለቱን ከፊት ጎማ ፊትና ኋላ፣ ሁለቱን ከኋላኛው ፊትና ኋላ አስወተፈችው። ማርሹ መቆሚያው ላይ መሆኑን አየች፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ሳበች። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች።

«ቁልፉን ለምን?»

«አንተ ስላለህ።»

ከዚያ ቀለበቱን እንዲያወልቅ አዘዘችው። ብረት ያጠለቀ እጅ ባትሪ ዘንድ አይቀርብም፤ ሰዓትም ቀለበትም። የጋብቻ ቀለበቱ ደግሞ ካገባ ጀምሮ ወልቆ አያውቅም፤ ጣቱ ወፍሮበታል። በሳሙና ታሸ፣ በዘይት ታሸ፣ በመጨረሻ «ጷ!» ብሎ ሲወጣ ተፈናጥሮ አጥር ሥር ካለው ባልዲ ገባ።

«ፈታሽኝ ማለት ነው?» አለ ጣቱን እያየ።

«ካምቢዮው ከዳነ መልሼ አገባሃለሁ።»

ካምቢዮው እስኪበርድ ሥራ አልፈታችም። ከስልኳ ጋር የምትነጋገር አንዲት ትንሽ የመኪና ብልሽት ማንበቢያ አላት፤ እሷን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ሰክታ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሣ ከፈተች። ስልኩ አሰበ አሰበና አንድ ቁጥር አወጣ። ቁጥሯን ፈልጋ አነበበችለት፤ የማርሹ ዘንግ የት እንዳለ የሚናገረው ማብሪያ የተምታታ ምልክት ይልካል ይላል።

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ» አለ ስፖንጅ።

«እዚህ ማርሹ እግር ሥር አንድ ማብሪያ አለች። ማርሹን ስታንቀሳቅስ ‹አሁን ወደ ፊት ነው፣ አሁን ወደ ኋላ ነው› ብላ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። አሁን ግን ‹ወደ ፊት ነኝ፣ ደግሞም ሥራ ፈት ነኝ› እያለች ሁለቱን ባንዴ ታወራለች። እሱም ግራ ሲገባው ‹እንግዲያው አንድ ማርሽ ይዤ ቀስ ብዬ ቤቴ ልግባ› ይላል።»

ስፖንጅ ደስ አለው። «ባንድ አፍ ሁለት ወሬ! እኔን ነዋ የወሰደችው!»

«ተነሥ። ባትሪ።»

ባትሪው ሲለካ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ሆነ፤ ደህና ነው። ሞተር አስነሥታ ስትለካው አሥራ አራት ገባ፤ እሱም ደህና። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየች፤ አንድም የተቃጠለ የለም። ሞተር አጥፍታ፣ ካምቢዮው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ኮፈኑን ከፍታ ከላይ እጇ የደረሰውን ሶኬት ነቅላ አየች፤ ዘይት አልገባበትም፣ እግሮቹ አልተጣመሙም። ልካ መለሰችው። ስፖንጅ በየልኩ «ደህና» ስትለው ይብስበታል። ደህና ደህና ደህና! በሽታ የሌለባት በሽተኛ ከየት መጣች? አራት ሰዓት ሆነ።

«እንግዲህ ሽቦው ነው» አለች።

ቀጥሎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታች። ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላ ወዲያ አሸሸችው። ስፖንጅ ወንበሩ ዘንድ ሊሮጥ ሲል አንገትጌውን ይዛ መለሰችው።

«አሥር ደቂቃ።»

«ለምን?»

«መሪው ውስጥ የሚፈነዳ የአየር ከረጢት አለ። ባትሪው ቢፈታም ትንሽ ትንሽ ኃይል ይቀርበታል። አሥር ደቂቃ ይተኛ። ከተኛም በኋላ ቢጫ ሶኬት ካየህ እጅህን ወደ ኋላ ታደርጋለህ።»

ስፖንጅ አሥሩን ደቂቃ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስለሚፈነዳው ከረጢት አዲስ ወሬ ሆዱ ውስጥ እያበጠ ነው፤ ነገ ለሰፈሩ የሚያወራው «ከረጢቱ ፈንድቶ እኔን ከነወንበሩ...» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሚስቱ ጠራችው።

የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅላ፣ ከማብሪያው በሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አያይዛለች። ቴስተሩ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ «ጢ...ጥ» ይላል፤ ካልተነካኩ ዝም ነው። ዝም ነው። ማርሹን ወዘወዘች፤ ዝም። ሽቦውን ከዚህ ከዚያ ነቀነቀች፤ ዝም። ወንበሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሳበች፤ ዝም። አምስት ሰዓት።

ፋርማሲስቱ የአስፕሪን ካርቶን ሲጭን በስፖንጅ ዓይነ ሕሊና ታየ፤ ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ ጓንት አድርጎ።

ሚስቱ ግን ቴስተሩን ትታ እሱን ማየት ጀመረች። አስተያየቷ አላማረውም።

«እኔ ስነዳት አልታመመችም» አለች። «ሁሌም አንተ ስትነዳት ነው።»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ጠልታኝ...»

«እንዴት ነው የምትቀመጠው?»

«እንደ ሰው።»

«ግባና አሳየኝ።»

ገባ። ስፖንጅ ሲነዳ እንደ ሰው አይደለም የሚቀመጠው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና፣ ግራ እጁን በሁለት ጣት መሪው ላይ ጣል፣ ቀኝ ክርኑን ደግሞ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ክንድ ማሳረፊያ ላይ ዘፍ...

«ጢጥ!»

ሁለቱም ዘለሉ።

«ምን ነካህ?»

«ምንም! ሙች ምንም!»

«ተነሥ።» ተነሣ። ዝም።

«ተቀመጥ።» ተቀመጠ። ዝም።

«እንደ ቅድሙ! እንደ ንጉሥ!» ክርኑን ዘፍ አደረገ።

«ጢ...ጥ!»

ሚስቱ ሁልጊዜ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ነው የምትነዳው። ክርኗ ያንን ቦታ ነክቶት አያውቅም። ክንድ ማሳረፊያውን አየችው። ቀይ ከፋይ ለብሷል። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ ከሥሩ ተነጥፎለታል፤ ጠርዙ ላይ ወርቅማ ጥብጣብ ሳይቀር ዞሮለታል።

«ይሄን መቼ ነው ያለበስከው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«የቱን?»

«ይሄን።»

«እ... ማክሰኞ። ላባባ ብዬ ነው! ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ክርናቸው ስላለቀ ‹ልጄ፣ እንዴት ያለ ምቾት ነው› እንዲሉኝ...»

«መኪናዋ መቼ ታመመች?»

ስፖንጅ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ውሸት አልመጣለትም።

«ረቡዕ» አለ፣ ኩም ብሎ።

ከፋዩን ከጠርዙ ጀምራ ገለጠችው። ስፖንጅ የሶፋ ስቴፕለሩን ነው የተጠቀመው፤ ረዥሟን፣ ሁለት እግር ያላትን፣ ወፍራም ጣውላ የምትይዘውን ስፒል። የመኪናው ፕላስቲክ ደግሞ ከብስኩት አይወፍርም። አሥራ አንዷ ስፒል ባዶ ቦታ ላይ ነው የወጣችው። አሥራ ሁለተኛዋ ግን ፕላስቲኩን በስታ፣ ከሥሩ የሚያልፈውን የሽቦ እሽግ አግኝታ፣ አንድ እግሯን አረንጓዴው ሽቦ፣ አንድ እግሯን ነጩ ሽቦ ውስጥ ተክላ፣ ፈረስ ላይ እንደ ወጣ ሰው ተመቻችታ ተቀምጣለች። ክርን ሲጫናት ሁለቱን ታነካካለች። ክርን ሲነሣ ትለቃለች።

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሚስቱ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ስፖንጅ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ ሁለቱም መሪና ማርሽ ላይ ተደፍተው ሆዳቸው ቁርጥ እስኪል ሳቁ፤ ስፖንጅ በሳቁ መሐል ክርኑ እየወደቀ ቴስተሩም «ጢጥ! ጢጥ!» እያለ አብሯቸው ሳቀ።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ።

ሠላሳ ዓመት አውቶብስ የነዳ ሰው ዘግይቶ አያውቅም። አባባ ስድስት ሰዓት ብለው በአምስት ተኩል መጡ። ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና አዩ፤ ባትሪው ተፈትቷል፣ ኮፈኑ አፉን ከፍቷል፣ ወንበሩ ተገፍቷል፣ ከፋዩ ተገልብጧል፣ ጎማው በድንጋይ ታስሯል፣ አማቻቸው ቀለበቱን አውልቆ ከልጃቸው ጋር ያለቅሳል ወይም ይስቃል፤ በዚህ ዓይናቸው መለየት አልቻሉም።

«ገደላችኋት?» አሉ።

ስፖንጅ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ! እውነቱን ልንገርዎት?»

«አንተ?»

«በክርኔ ስደገፍ ማርሿ ጠፍቶባት አንድ ላይ ትቸከላለች። ሳልደገፍ ደህና ናት።»

አባባ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ።

«ምክንያቱ ደግሞ አንዲት ስፒል ናት፤ ይህቺን ታክላለች» ብሎ የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳየ። «እሷ ሽቦ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሩን ስላወናበደችው...»

አባባ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ሳቅ ከሆዳቸው ፈንቅሎ ወጣ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ከዘራው አልበቃ ሲላቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። «ስፒል! ይህን የሚያህል መኪና ስፒል አሰረው! ኧረ ንፋሱ ይሻላል! ከነሶፋው ያነሣህ ንፋስ ይሻላል!»

«አባባ ሙት ይበሉኝ፣ እውነት ነው!»

«ተው ልጄ፣ ልትገድለኝ ነው!»

ስፖንጅ በማለ ቁጥር እሳቸው ይስቃሉ፤ እሳቸው በሳቁ ቁጥር እሱ ይምላል። እንባቸውን ጠርገው ሲነሡ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ካምቢዮው ተቃጥሏል። ይሸታል።»

«ማስቲሼ ነው የሚሸተው፣ አባባ። የእኔው እጅ ነው።»

«ካምቢዮ ነው አልኩህ! ወርዶ መፈታት አለበት። ሳምንት ሙሉ በአንድ ማርሽ ስታንገላቷት ሰንብታችሁ...» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ፋርማሲስቱ ሰው ይዞ ይምጣና ያስጎትታት። እሱ ዘንድ ትሂድ። እሱ ቢያንስ ሲዋሽ አያስቀኝም።»

የስፖንጅ ነፍስ ከሥጋው ልትለይ ምንም አልቀራትም። አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር እውነቷ እንዲህ ታዋርደዋለች? እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ሚስቱ ከመኪናው ውስጥ ተናገረች።

«አባዬ። ስልኩን አስቀምጥና ክርንህን ስጠኝ።»

«ምኔን?»

«ክርንህን። ና፣ እዚህ ግባ። ቁጭ በል። ሁልጊዜ ስትነዳ እንደምታደርገው አድርግ።»

አባባ አጉረመረሙ፤ ግን ሴት ልጅ ናት፤ ገቡ። እንደ ልማዳቸው ቀኝ ክርናቸውን ማሳረፊያው ላይ አኖሩ።

«ጢ...ጥ!»

ደንግጠው አነሡ። ዝም።

መልሰው አስቀመጡ። «ጢ...ጥ!»

አነሡ። ዝም።

ሚስቱ የእጅ ባትሪዋን አበራችና በተገለጠው ከፋይ ሥር ስፒሏን አሳየቻቸው፤ አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ክርናቸውን አስቀመጡ። «ጢጥ!» አነሡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ መለወጥ ጀመረ። አስቀመጡ፣ አነሡ። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርገው። ጢጥ ጢጥ ጢ...ጥ! ጢጥ ጢጥ ጢ...ጥ! ሠላሳ ዓመት ትልቁን የአውቶብስ ጥሩምባ የነፉ ሰው አሁን በክርናቸው ዜማ አወጡ። ትከሻቸው ሳይቀር ተነቃነቀ።

የጎረቤት ሴትዮ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ምንድነው የሚጮኸው? ሰው ታመመባችሁ?»

«የክርን ምርመራ ነው!» አለ ስፖንጅ።

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» ብላ ጠፋች።

አባባ በመጨረሻ ክርናቸውን ሰበሰቡና ልጃቸውን አዩ። ድንጋዮቹን፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን የባትሪ ሽቦ፣ ኪሷን ያሳበጠውን ቁልፍ በተራ አዩ።

«ካምቢዮውን አልነካሽውም?»

«ምን በወጣው? እሱ ደህና ነው። ለክቼ ለክቼ ስጨርስ የቀረው ሽቦው ነበር፤ ከሽቦው የቀረው ደግሞ የዚህ ሰውዬ ክርን ነበር።»

«እኔ ብሆን አስወርጄው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬውኑ አስፈትቼው።»

ልጃቸው ፒንሳ አነሣች። ስፒሏን ሳታጣምም ቀጥ አድርጋ ነቀለቻት። ሁለቱን ሽቦዎች ለያይታ የተበሳውን ቆርጣ በስታኞ በይዳ አገናኘች፣ በየግላቸው የሚኮማተር ላስቲክ አለበሰች፣ እሽጉን ከማሳረፊያው አርቃ አሰረችው። የቀሩትን አሥራ አንድ ስፒሎችም ነቀለች። ስፖንጅ ከፋዩን መልሶ በማስቲሽ ብቻ ለጠፈ፤ አባባ አጠገቡ ቆመው እጁን እያዩ፣ በሦስት ደቂቃ አንዴ «ስፒል የለም?» ይላሉ፣ እሱም «ስፒል የለም፣ አባባ» ይላል። ቴስተሩ ተያዘ፤ አባባ በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉ። ዝም። እንደ መቃብር ዝም። ሶኬቱ ተሰካ፣ ባትሪው በመጨረሻ ታሰረ፣ ያቺ ቁጥር ከስልኩ ላይ ተሰረዘች፣ ድንጋዮቹ ተነሡ።

ስድስት ሰዓት።

አባባ መሪ ያዙ፣ ልጃቸው አጠገባቸው፣ ስፖንጅ ከኋላ። ከግቢው ወጡ። አንደኛ ማርሽ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አባባ ክርናቸውን በቀዩ ከፋይ ላይ ዘፍ አደረጉ፤ ስፖንጅ ዓይኑን ጨፈነ። ፊደሏ ዝንፍ ሳትል በራች። ኮረኮንቹ ላይ ነዷት፣ ዳገቱን አስወጧት፣ ቁልቁለቱን አወረዷት፤ ማርሹ ሲቀየር ተሳፋሪው አያውቀውም። የስፖንጅ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አባባ ዳር ይዘው አቆሙ። ሞተር አጠፉ። ቁልፉን ነቀሉ። ስፖንጅ ከኋላ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ቁልፉ በአፍንጫው ሥር አልፎ ልጃቸው መዳፍ ላይ አረፈ።

«ያንቺ ናት» አሏት። «እሱ ስፖንጅ መጫን ሲፈልግ ይለምንሻል። እኔም እንደዚያው፤ ከዛሬ ጀምሮ የትም ስሄድ አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ልጃቸው ቁልፉን ጨበጠች። ወርዳ፣ በመኪናው ፊት ዞራ፣ የሾፌሩን በር ከፍታ «በል ተጠጋልኝ፣ አባዬ» አለች።

«እኔስ አባባ?» አለ ስፖንጅ ከኋላ።

«አንተ ክርንህን ይዘህ እዚያው።»

ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቁልቁል ነዳች። አባባ ስልካቸውን አወጡና ለፋርማሲስቱ ደወሉ። «አዎ፣ እዚሁ ቀረች» አሉ። «ታማ ነበር፤ ልጄ ፈወሰቻት። ምን ነበር አልከኝ? ብረት ነዋ! ክንድ የሚያህል ብረት! ካምቢዮውን በዚህ ገብቶ በዚያ ወጥቶ! ልጄ በአንድ እጇ መዝዛ ስታወጣው ግቢው ተናወጠ፤ ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ!»

ስፖንጅ ከኋላ ወንበር ላይ ተፈናጠረ። ጆሮውን ማመን አቃተው። «አባባ! ኧረ ጥፍር የምታህል ስፒል ናት!»

አባባ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ፋርማሲስቱ ግን ሰምቷል። ስልኩን ለስፖንጅ እንዲሰጡት ለመነ፤ ሰጡት።

«ወንድሜ» አለ ስፖንጅ፣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ «ብረት የሚባል ነገር የለም። አንዲት የሶፋ ስፒል ናት። እኔው በገዛ እጄ ነኝ የተከልኳት። በክርኔ ስደገፋት መኪናዋን ታሳብዳት ነበር።»

«አንተ ሰውዬ» አለ ፋርማሲስቱ፣ «አንድ ቀን እንኳ እንደ አማታችን እውነቱን ብትናገር ምን ይጎድልብሃል?»